ለቀሚሱ ቀለም መሰከርኩ

ይህን የምጽፈው እግሬን ለብ ባለ ጨው ውኃ ነክሬ ነው። ቶሎ ቶሎ መጻፍ አልችልም። ፊደል የቆጠርኩት ሃምሳን ተሻግሬ፣ የልጅ ልጄ ብሌን አንደኛ ክፍል ስትገባ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነው። እሷ ጮክ ብላ "ሀ" ስትል እኔ በሆዴ "ሀ" እያልኩ፣ ሦስተኛ ክፍል ስትደርስ እኔም የዕድር ደብዳቤ ማንበብ ቻልኩ። የተማርኩት ይኸው ነው። ነገሬ ወዲያ ወዲህ ቢልባችሁ ታገሡኝ፤ እግሬም እንደዚያው ነው፣ ቀጥ ብሎ መሄድ አያውቅም።

ጉልበት ሳለኝ ልብስ አጣቢ ነበርኩ። ቤታችን ቂርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ አንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ናት። ሥራዬ ግን ካዛንቺስ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያህል የሰው ግቢ እየገባሁ አጥቤአለሁ፣ አስጥቻለሁ፣ ተኩሻለሁ። በኋላ ግቢዎቹ አንድ በአንድ እየፈረሱ ፎቅ ሲበቅልባቸው የኔም ጉልበት አብሮ አለቀ።

ልብስ ያጠበ ሰው ቀለም ያውቃል። የትኛው እንደሚለቅ፣ የትኛው ጎረቤቱን እንደሚያበላሽ በእጁ ያውቀዋል። ጥቁር ልብስ ሲያረጅ ወደ ነጭ የሚሄድ ይመስላችኋል? አይሄድም። ጥቁር ሲሞት ይቀላል። ፀሐይ ላይ ደጋግማችሁ አስጡትና እዩት፤ መጀመሪያ ቡኒ ይሆናል፣ ቀጥሎ የወይን ጠጅ አተላ ይመስላል።

እኛ ቤት አንድ ፎቶ ነበረ፤ ባለቀለም ፎቶ። ልጄ አስቴር፣ የብሌን እናት ማለት ናት፣ የሦስት ወር ሕፃን ታቅፋ ካዛንቺስ ፎቶ ቤት የተነሳችው ነው። ፀጉሯ አጭር ተቆርጧል። ሕፃኗ ብሌን ናት፤ በነጭ ጋቢ ተጠቅልላለች። አስቴር ፎቶውን በተነሳች በዓመቱ ታመመችና ሞተችብኝ። ብሌን እናቷን የምታውቃት በዚያ ፎቶ ብቻ ነው። እኔን "እማዬ" ትለኛለች፣ አስቴርን ደግሞ "እናቴ"።

ፎቶው ሳጥን ውስጥ እንደተቀመጠ ዓመት በዓመት እየቀላ ሄደ። ብሌን ስድስት ዓመት ሲሆናት፣ "እማዬ፣ የእናቴ ቀሚስ ምን ዓይነት ቀለም ነው?" አለችኝ።

ፎቶውን አየሁት። "ወይን ጠጅ" አልኳት።

"ፀጉሯ ለምን አጠረ?"

"የዚያን ጊዜ ፋሽን ነው።"

ሁለቱም ውሸት ነበር። ያን ዕለት ትንሽ ነገር መስሎኝ ነበር። ብሌን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትጨርስ ግን፣ "እንደ እናቴ ወይን ጠጅ ቀሚስ ይሰፋልኝ" አለች። ጨርቁን ማን ገዛው ትላላችሁ? እኔው ነኝ። ፎቶውን በመሐረብ ጠቅልዬ መርካቶ ድረስ ሄጄ፣ ከጣቃው ጋር እያስተያየሁ።

ስለ አባቷ ስትጠይቀኝ ደግሞ መልሴ አንድ ነበር፤ "መኪናውን ይዞ ሄደ፣ አልተመለሰም።" ሾፌር ነበር። ቃሉ ብቻውን ሲታይ ውሸት የለበትም። ልጅቷ የሰማችው ግን "ጥሎሽ ሄደ" የሚለውን ነው። እኔም እንድትሰማ የፈለግኩት እሱኑ ነበር። ትምህርት ቤት በሟች ባለቤቴ ስም አስመዘገብኳት፤ የአባቷን ስም እንኳን አታውቅም።

አሁን ውሸቴ ወደተጋለጠባት ቅዳሜ ልምጣ።

ብሌን ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ላይ ነበረች፤ ትምህርቷ ኮምፒዩተር ነው። ለመመረቂያዋ ቀለማቸው የጠፋ ፎቶዎችን ወደ ድሮው የሚመልስ ፕሮግራም እየሠራች ነበር። ሰኞ በአስተማሪዎቿ ፊት ቆማ ማሳየት አለባት። ሁለት ሳምንት ሙሉ አልሆነላትም፤ ዓይኗ አብጧል፣ እህል ከአፏ ርቋል። አማካሪዋ፣ "ለምን እንደተሳሳተ ማስረዳት ካልቻልሽ ባታመጪው ይሻላል፣ የከርሞ ሰው ትሆኛለሽ" ብሏታል። ከርሞ ማለት ለእኛ ቤት ቀላል ነገር አይደለም። የኔን ጉልበት ከርሞ አያገኘውም።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን መብራት ሄደ።

"ወይኔ! ባትሪው ሊያልቅ ነው" አለች። ላፕቶፑ የጓደኛዋ ነው። "እማዬ፣ ነይ ኦሎምፒያ እንሂድ። እዚያ ያለው ካፌ መብራት አይጠፋም።"

"እኔ ካፌ ምን ልሠራ?"

"ማኪያቶ እጋብዝሻለሁ በቃ። ደግሞ አንቺን የምጠይቅሽ አለ።"

ክርኔን ይዛ እያዘገምን ሄድን። ካፌው ውስጥ ሰዉ ሁሉ ሶኬት ያለበት ግድግዳ ሥር ተኮልኩሏል። አስተናጋጁ ጎልማሳ ነው፣ ፈገግተኛ። ነጠላዬንና ጫማዬን አየና፣ "እማማ፣ የርስዎስ ላፕቶፕ?" አለኝ።

"ቤት ቻርጅ ላይ ነው" አልኩት። "መብራት ነው እንጂ የጠፋው።"

ሳቀና ሶኬት አጠገብ ቦታ ፈለገልን። ብሌንም ሳቀች፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ማሽኑን ከፈተች። አስቴር ወጣች። እንደዚያ ትልቅ ሆና አይቻት አላውቅም። ፊቷ ማሽኑን ሞላው፤ ማኪያቶውን መልሼ አስቀመጥኩት።

"እይ እማዬ፣ ላሳይሽ" አለችና አንድ ነገር ተጫነች። የአስቴር ጉንጭ እየቀረበ፣ እየቀረበ መጥቶ ድንገት ፈረሰ፤ ትንንሽ አራት ማዕዘን ብቻ ሆነ፣ እንደ ወለል ንጣፍ።

"ምነው ልጄን በታተንሻት?"

"አልበተንኳትም። ሲጀመርም እንዲህ ነው የተሠራችው። ማለቴ ፎቶው። እያንዳንዷ ካሬ ፒክስል ትባላለች። በእያንዳንዷ ውስጥ ሦስት ቁጥር አለ፤ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ። ከዜሮ እስከ ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት። ሦስቱም ዜሮ ከሆኑ ጥቁር ነው፤ ሦስቱም ጣሪያ ከነኩ ነጭ ነው። ሌላው ቀለም ሁሉ ከሦስቱ ድብልቅ ነው የሚወጣው።"

"ስንት ካሬ ነው?"

"ብዙ ሚሊዮን።"

"ሁሉንም ትቆጥሪያለሽ?"

"እኔ ሳልሆን ፕሮግራሙ። ከላይ ከጥጉ ይጀምርና መስመር በመስመር እያንዳንዷን አንስቶ አይቶ፣ አስተካክሎ ያስቀምጣታል።"

"ምስር መልቀም ነዋ" አልኳት።

"በቃ! ምስር መልቀም ነው።" ደስ አላት። "ግን ምን ያህል እንደሚያስተካክል ማወቅ አለበት። ለዚህ ምስክር ያስፈልገዋል።"

"ምን?"

"እኔ ምስክር ነው የምለው። ከፎቶው ውስጥ ድሮ ምን ቀለም እንደነበረ በእርግጠኝነት የምናውቀው አንድ ቦታ። ያ ቦታ ዛሬ የት እንደደረሰ አይቼ፣ ምን ያህል እንደራቀ ለክቼ፣ ሌላውንም በዚያው ልክ እመልሰዋለሁ። ምስክሩ ትክክል ከሆነ ሁሉም ይመለሳል። ከተሳሳተ ሁሉም ይሳሳታል።"

ዓይኔን ከማሽኑ ወደ ስኳሩ ዕቃ መለስኩ።

"የኔ ምስክር የእናቴ ቀሚስ ነው" አለች። "ወይን ጠጅ መሆኑን እናውቃለንና። እይ አሁን።"

ተጫነች። ፎቶው ትንሽ ተንቀጠቀጠና ባለበት ቀረ። የአስቴር ፊት እንደ ጡብ እንደቀላ ነው።

"ይኸው! ምንም አላስተካከለም! ቀሚሱ ከድሮው አልተለወጠም ብሎ ያስባል። ስለዚህ ሁሉንም ባለበት ይተወዋል። እሺ፣ ቀሚሱን ተውኩት። ፀጉሯን ምስክር ላድርግ። የሰው ፀጉር ጥቁር ነው፣ አይደል?" ተጫነች።

አስቴር ተመለሰች።

እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። ፊቷ ጠይም ሆነ፤ የራሷ ጠይም፣ እኔ የማውቀው። ጋቢው ነጣ። ከኋላዋ ያለው የፎቶ ቤቱ መጋረጃ አረንጓዴ መሆኑ ትዝ አለኝ፤ አረንጓዴ ነበር ለካ! ቀሚሱም ጥቁር ሆነ። ከል።

"አየሽው?" ብሌን ፀጉሯን በሁለት እጇ ያዘች። "ሌላው ሁሉ ሲያምር ቀሚሱን አጠቆረው! ሁለት ሳምንት ሙሉ ይኼን ነው የምፈልገው። የሆነ ቦታ ስህተት አለ፤ መስመር በመስመር አየሁት፣ አላገኘሁትም። ቁጥሮቹን ስሚ። ፀጉሯ ዘጠና አንድ፣ ሠላሳ ስድስት፣ አርባ አራት። ቀሚሷ ዘጠና፣ ሠላሳ ስድስት፣ አርባ አምስት። አንድ ናቸው እኮ! ፀጉሩ ጥቁር ከነበረ ቀሚሱም ጥቁር ነው። ቀሚሱ ወይን ጠጅ ከነበረ ፀጉሩም ወይን ጠጅ ነው። አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም። ሁሉንም አጥፍቼ ከዜሮ ልጀምር ነው በቃ፤ እስከ ሰኞ አልደርስም፣ ቢሆንም..."

እንባዋ መጣ። ጣቷ ሊያጠፋ ቁልፉ ላይ ሄደ።

እኔ ይህን ሁሉ ስሰማ ምን አሰብኩ መሰላችሁ? ልጅቷ ያሳዘነችኝ በኋላ ነው። መጀመሪያ ያሰብኩት እንዴት እንደማመልጥ ነበር። አፌም ከልቤ ቀድሞ፣

"ሂና" አለ።

"ምን?"

"ሂና ተቀብታ ነበር። እናትሽ። ፀጉሯ ቀላ ያለ ነበር።"

ብሌን አየችኝ። ከዚያ ወንበሯን ገፍታ ተነሥታ ግንባሬን ሳመችኝ፤ ካፌው ሁሉ ዞሮ አየን። "እማዬ! እግዜር ይስጥሽ! ይኼን ሁለት ሳምንት ሙሉ ዝም ትይኛለሽ? ስህተት የለውማ! ፕሮግራሜ ስህተት የለውም!"

"መቼ ጠየቅሽኝ?" አልኩ። ማኪያቶዬን ሳነሳ አፈሰስኩት። እሷ በሶፍት እየጠረገች፣ "ስለዚህ ሌላ ምስክር እፈልጋለሁ፤ ሂና ያልነካው" እያለች የማሽኑን ቀስት ፎቶው ላይ ታንሸራሽር ጀመር። ዓይን፣ ቅንድብ። ከዚያ ወደ ሕፃኗ ወረደች። ከጋቢው ብቅ ያለች ትንሽ ጭንቅላት።

"ዘጠና ሁለት" አለች። "ሠላሳ ሰባት። አርባ አራት።"

 ድጋሚ አነበበችው፣ ያለ ድምፅ፣ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር፣

"እማዬ፣ እኔንም ሂና ቀብታችሁኝ ነበር? በሦስት ወሬ?"

ሦስተኛ ውሸት ፈለግሁ። እመኑኝ፣ ፈለግሁ። "እንዲያው ለወጉ ትንሽ ነካ አደረግንሽ" ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ደከመኝ። ብርድ ልብስ በእጃችሁ አጥባችሁ ታውቃላችሁ? ደረቁን በአንድ እጅ ታነሱታላችሁ። ውኃ ሲጠጣ ግን ሁለት ሰው አያነሳውም። ሃያ ሁለት ዓመት ውኃ የጠጣ ነገር ከበርሜል አውጥቼ መጭመቅ አቃተኝ። ጥፋትን ማመን ጀግንነት የሚመስላቸው አሉ፤ እኔን ያሳመነኝ ድካም ነው።

"ፕሮግራምሽ ደህና ነው" አልኳት። "አታጥፊው። እሱ አልተሳሳተም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።" ራሴን አረምኩና፣ "አይ። አልተሳሳትኩም። ዋሸሁሽ።"

"ምኑን?"

"ቀሚሱ ጥቁር ነው። ከል ነው።"

"ለማን?"

"ለአባትሽ።"

አስተናጋጁ "እማማ፣ ይደገም?" ብሎ መጣ፤ ፊታችንን አየና ብርጭቆውን ብቻ አንስቶ ሄደ።

ነገርኳት። ሁሉንም፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ የስኳሩን ዕቃ እያየሁ።

ታደሰ ይባላል። የአሰብ መንገድ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ላንቻ ነው ቤታቸው። ልጄን ወደደ፣ ወደደችውም። በወጉ ሦስት ሽማግሌ ላከ። መለስኳቸው። "ሾፌር በየከተማው ሚስት አለው፤ ልጄን ለአውራ ጎዳና አልድርም" አልኩ። እንደምታውቁት በእኛ ወግ ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም። ስለዚህ ማንም አልደነገጠም። ሽማግሌዎቹም፣ እሱም፣ አስቴርም ለወጉ ያልኩት ነበር የመሰላቸው። "ከአሰብ ስመለስ ድጋሚ እልካለሁ፣ ያን ጊዜ እሺ ይላሉ" ብሎ ስቆ ነው አሉ የሄደው። የኔ ልብ ግን እምቢ ነበር። አሥር ጊዜ ቢልክ አሥር ጊዜ እምቢ እል ነበር። ያንን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

አልተመለሰም። ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አለው። አስቴር ያን ጊዜ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ እኔ አላውቅም ነበር።

መርዶው ሲመጣ ፀጉሯን ቆረጠች፣ ጥቁር ለበሰች። እኔ ደግሞ ምን አልኩ? "ላላገባሽ ሰው ከል ምንድነው? ሰው ምን ይላል? እቤቴ ውስጥ ጥቁር እንዳላይ!" አልኩ። ቀሚሱን ከላይዋ አስወለቅኳት። እሷ አልጣለችውም፤ ጎረቤት አስቀመጠችው። ብሌን ተወልዳ ሦስት ወር ሲሆናት፣ ያንኑ ቀሚስ ለብሳ፣ ፀጉሯን እንደገና ቆርጣ፣ ሕፃኗን ታቅፋ ፎቶ ቤት ሄደች። ፎቶውን አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችውና፣

"ይኼን ለልጄ አስቀምጪልኝ። አባቷ የተለቀሰለት ሰው መሆኑን ትወቅ" አለችኝ።

እሺ አልኳት። አስቀመጥኩም። ዓመታቱ ጥቁሩን እያቀሉ ሲረዱኝ እኔም ዝም አልኩ።

ጨርሼ ቀና ስል ብሌን እኔን አይደለም የምታየው፤ ፎቶውን ነው። "ታደሰ" አለች ቀስ ብላ፣ አንድን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያነብ ልጅ። ከዚያ፣

"ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሞተ ሰው ስጠላ እያየሽ ዝም አልሽኝ" አለች።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ፀጉሩን ምስክር አድርጋ ተጫነች፣ አስቴር በከሏ ተመለሰች፤ ብሌን ማሽኑን ዘጋች፣ ሒሳብ ከፈለች፣ ወጣች።

ወደ ቤት ስንመለስ ክርኔን አልያዘችም። አሥር እርምጃ ቀድማኝ ትሄዳለች። መንገድ ማቋረጫ ጋ ስትደርስ ግን ትቆማለች፤ ወደ ኋላ ሳትዞር፣ እኔ እስክደርስ፣ መኪና እስኪያልፍ ትጠብቃለች። ካቋረጥኩ በኋላ እንደገና አሥር እርምጃ። እንደዚያ አድርገን ቂርቆስ ደረስን።

እሑድ አንድ ነገር አደረገች፤ እርስዎ አለችኝ። "ምሳ ይበላሉ?" "ውኃ ላሙቅልዎ?" ከተወለደች ጀምሮ ከአንቺ ሌላ ብላኝ አታውቅም፣ አክብሪኝ ብያትም አላውቅም። ስድብ ብትሰድበኝ እችለው ነበር። ያ አክብሮት ግን አጥንቴ ውስጥ ገባ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ሙሉ እንኳን ሰምታ፣ "ምነው ይቺ ልጅ፣ ምሩቅ ልትሆን ስትል ጨዋ ሆነች?" ብላ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ምን ላድርግ?

ሰኞ ማለዳ ተነሥታ ወይን ጠጁን ቀሚስ ትተኩስ ጀመር። ሳያት ደነገጥኩ። "እሱን ነው የምትለብሺው?" ማለት ቃጣኝና ዋጥኩት። ገባት መሰለኝ፣ ከካውያው ቀና ሳትል፣ "ቀሚሱ ምን አጠፋ?" አለች።

ከሰዓት በኋላ ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች። ፈተናውን አልፋለች፤ ፊቷ ላይ አየሁት።

"አንዱ አስተማሪ ጠየቀኝ" አለች። "'የቀሚሱ ቀለም ጥቁር ለመሆኑ ማረጋገጫሽ ምንድነው?' አለኝ። 'መጀመሪያ ምስክሬ ዋሽታ ነበር፣ ቁጥሩ አጋለጣት፣ በኋላ አመነች' አልኩት።"

"እሱስ ምን አለ?"

"ሳቀ። ሁሉም ሳቁ።" እሷ ግን አልሳቀችም። ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "የአባቴ ዘመዶች አሉ?"

እዚህ ላይ ሌላም ነገር ልናዘዝ። ላንቻ ከቤታችን ሩቅ አይደለም። የታደሰ እናት ቤት የት እንደሆነ ሁልጊዜም አውቃለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ መንገድ ላለማለፍ ስንት ዙሪያ ጥምጥም ሄጄአለሁ! ሰዉ "እሷ መዞር ትወዳለች" ይለኛል። እውነት ነው፣ መዞር እወዳለሁ፤ ግማሹ ግን ፍርሃት ነበር።

"እናቱ አለች" አልኳት።

ረቡዕ ሄድን። ብሌን ፎቶውን አሳትማ በፖስታ ይዛዋለች። የታደሰ እናት፣ እማማ በላይነሽ፣ ከእኔ በአሥር ዓመት ይበልጣሉ። ሳሙናና ሻማ የሚሸጡባት ጠባብ ሱቅ በር ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ከመንገዱ ማዶ ሳያቸው እግሬ ቆመ።

"እዚህ ልጠብቅሽ" አልኩ።

ብሌን ዞረች። "ነይ እንጂ" አለችኝ። "አንቺ ካልመጣሽ ማን ብዬ ራሴን ላስተዋውቅ?"

አንቺ አለችኝ። ተሻገርኩ።

እማማ በላይነሽ ቀና ብለው ብሌንን አዩ። ብዙ አዩዋት። እኔንም አዩ፤ ማን እንደሆንኩ ወዲያው እንዳወቁ አወቅኩ። ሽማግሌ የመለሰች ሴት አትረሳም።

"የአስቴር እናት ነኝ" አልኩ። "ይቺ የታደሰ ልጅ ናት። ደብቄባችሁ ነው የኖርኩት።" ሌላ የተዘጋጀሁበት ብዙ ንግግር ነበረኝ። ጠፋኝ።

ብሌን ፖስታውን ሰጠቻቸው። ፎቶውን አውጥተው ወደ ብርሃኑ ዞሩ፣ ዓይናቸው ጋ አስጠጉት። ጣታቸው ቀሚሱ ላይ ሄደ።

"ይኼ ምን ቀለም ነው? ዓይኔ ደክሟል።"

"ጥቁር ነው" አለች ብሌን። "በእርግጠኝነት።"

"ለእሱ ነው?"

"ለእሱ ነው።"

ሴትዮዋ ፎቶውን ደረታቸው ላይ አደረጉት። "ከእኔ በቀር ማንም ከል ያልለበሰለት መስሎኝ ነበር" አሉ። "የወደዳት ልጅ በወሩ የረሳችው መስሎኝ፣ ስሟን በክፉ ሳነሣ ነው የኖርኩት። መሞቷን ሰምቼ እንኳን አልተውኩም፤ የሞተች ልጅ! እግዜር ይቅር ይበለኝ።"

ይህን አላሰብኩትም ነበር። የኔ ውሸት የሚጎዳው አንዲት ልጅ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ መንገድ ማዶ አንዲት እናትም ልጄን ስትጠላ ኖራለች። የገዛ ልጄን፣ መቃብር ውስጥ ሆና፣ ያሰደብኳት እኔ ነኝ።

 ለመሳም ወደ እግራቸው ጎንበስ ስል ትከሻዬን ያዙኝ። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም። እስከ ዛሬም አላሉኝም። ያን ዕለት ያሉኝ ይህን ብቻ ነው፤

"ደክሞሻል። ተቀመጪ።"

ተቀመጥኩ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ምክር አልሰጣችሁም፤ የምመክርበት ፊት የለኝም። አንድ ነገር ግን ልለምናችሁ። ሳጥናችሁ ውስጥ የቀላ ፎቶ አለ አይደል? አውጡት። ቀለሙን የሚያውቅ ሰው ገና በሕይወት እያለ፣ "ይኼ ምን ነበር? ለምን ነበር?" በሉት። መልሱን በጀርባው ጻፉ። ብሌን እንደምትለው፣ ማሽን ቀለሙ የት እንደነበረ ሊያገኘው ይችላል። ያቺ ሴት ያን ቀን ለምን ጥቁር ለብሳ እንደወጣች ግን ቁጥሩ ላይ የለም። እሱን የያዝነው እኛ አሮጌዎቹ ነን፤ እኛ ደግሞ እናልፋለን። ወይም እንደ እኔ፣ እያለን እንዋሻለን።

ብሌን ሥራ ይዛለች። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ላንቻ ትሄዳለች። አንዳንዴ ትወስደኛለች፣ አንዳንዴ አትወስደኝም። በማትወስደኝ እሑድ "ለምን?" አልላትም። በሩ ላይ ወጥቼ፣ መንገዱን አቋርጣ እስክትጠፋ ድረስ ቆሜ አያታለሁ፤ ከዚያ ወደ ቤቴ እገባለሁ።